በሌዘር ፊት የቆመ ጾመኛ

ጾሙን ሰውሮ ዋጋ ስላገኘ ሰው ብዙ ስብከት ሰምታችኋል። እኔ ግን ጾሜን በመሰወሬ ሦስት የሳይንቲስቶች ቡድን እርስ በርስ ሊቀያየም፣ የምወደውም ወዳጄ በእኔ እጅ ለአደጋ ሊጋለጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገሩ የሆነው በላስ ቬጋስ ከተማ፣ በ፳፻፲፫ ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ነው። ሁለት ቀን ብቻ የፈጀ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የነበረው ሽማግሌና ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሽማግሌ አንድ ሰው አይደሉምና፣ ሳልቸኩል ልንገራችሁ፤ እናንተም ሳትቸኩሉ ተከተሉኝ።

አስቀድሜ የያኔውን ሰውዬ ላስተዋውቃችሁ። ድጓውን በጎጃም፣ አቋቋሙን በጎንደር ተምሬ፣ ዕድሜዬን በመሪጌትነት ካሳለፍሁ በኋላ ልጄ ጠርቶኝ ወደ አሜሪካ መጣሁ። የምንኖረው ሮድስ ራንች በሚባለው ሰፈር፣ በአጥር በተከበበ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስል መልካቸው አንድ ስለሆነ፣ በመጣሁ ሰሞን የጎረቤታችንን በር ቤቴ መስሎኝ ለመክፈት ስታገል ተገኝቻለሁ። ሴትዮዋ ደግ ሆና፣ ፖሊስ በመጥራት ፈንታ ክንዴን ይዛ ደጃችን አድርሳኛለች።

ኑሮዬ የተንጠለጠለው በማኅሌቱ ላይ ነበር። ከበዓል እስከ በዓል ያለውን ጊዜ እንደ መንገድ እቈጥረዋለሁ፤ ማኅሌቱ ማረፊያዬ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን አስተዳዳሪያችን ቅዳሴው በጥቂት አገልጋዮች እንዲቀጥል አድርገው ማኅሌቱን አቆሙት። “ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅን ከፍ አድርጎ መዘመር ለዚህ በሽታ ድግስ መደገስ ነው” አሉን። እውነታቸውን ነው። ከመካከላችን ቀኝ ጌታ ዘውዴ ታሞ ብዙ ሳምንት በመተንፈሻ መሣሪያ ተደግፎ ተርፏል። ቀኝ ጌታ ዘውዴ ወዳጄ ነው፤ በማኅሌት በቀኝ በኩል የሚቆሙትን ይመራል፤ የዕለት እንጀራውን ግን የሚያገኘው በአንድ ካዚኖ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪና በማስተናበር ነው። “በቤተ ክርስቲያን ቀኝ ጌታ ነኝ፤ በካዚኖው ደግሞ የግራ መታጠፊያ ጌታ ነኝ” ይላል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ያርፋል። ሲያርፍም ሰው እንዳያዝንለት ግድግዳውን የሚያደንቅ ይመስላል።

እንግዲህ የልጄ ልጅ ሊድያ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ትሠራለች። እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ የሕይወት ሳይንስ የምትማር ልጅ ናት። አንድ ቀን ማምሻውን መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

“አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኖ ማለት ትችላለህ።”

“እርስዎ” የሚለው አነጋገር በአንደበቷ አልተለመደም። እርሷ “አንተ” ስትለኝ ግን ከብዙ ሰው አንቱታ ይልቅ አክብሮት ስለምሰማበት አርሜያት አላውቅም።

“ጠይቂ፣ ልጄ።”

“እኛ ላብ ውስጥ ሰው ሲዘፍን ከአፉ የሚወጣውን ጠብታ እያየን ነው። በሽታው በሱ ስለሚሄድ። የሾው ዘፋኞች መጥተው ቴስት አድርገናል። ያንተ ዓይነት ግን የለንም።”

“እኔ አልዘፍንም።”

“አውቃለሁ፣ ዜማ ነው። ለማሽኑ ግን ያው ትንፋሽ ነው።”

“ማሽኑ ይቅርታ ይደረግለት” አልኋት፤ ሳቀች። በልቤ ግን ሌላ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በማግሥቱ አስተዳዳሪያችንን ጠየቅኋቸው። “እነዚህ ሊቃውንት ዜማችሁ አደጋ የለውም ብለው ከጻፉልኝ፣ ለበዓለ ፍልሰታ ማኅሌቱን በውስጥ እንድትቆሙ እፈቅዳለሁ” አሉኝ። ለቀኝ ጌታ ዘውዴ ስነግረው፣ “ሐኪሙ ግማሽ ሳንባ ነው የቀረህ ብሎኛል። ግማሹ ይበቃል፤ ዱሮም ግማሹን ነበር የምጠቀመው” አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ማለዳ ሊድያ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው ጎዳና አልፈን ስንሄድ ገና ጠዋቱ ሳለ አስፋልቱ ግለት ይተፋ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመስሁም። በፍልሰታ ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ በአፌ አይዞርም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ይህንንም ለማንም አልናገርም። ጾምን ለሰው ማሳየት ዋጋን እንደሚያስቀር በወንጌል ተምረናልና፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጢሜን አበጥሬ፣ ቅባት ተቀብቼ እወጣለሁ።

ተቋሙ እንደ ደረስን ሦስት ቡድኖች በአንድ ክፍል ጠበቁን። አንደኛው የፊዚክስ ቡድን ነው፤ በጨለማ ውስጥ ብርሃን ዘርግቶ ከአፍ የሚወጣውን ጠብታ ያያል። የምትመራው ዶክተር ካረን የምትባል፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ረጅም ሴት ናት። ሁለተኛው ስለ ቁሳቁስ የሚመራመር ቡድን ነው፤ የትኛው ጨርቅ ትንፋሽን እንደሚያጣራ ይፈትናል። አለቃው ዶክተር ቪክራም ከህንድ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ገና ሰላም ሲለኝ ነጠላዬን በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ ገበያ እንደ ወጣች እመቤት ድርና ማጉን መረመረ። ሦስተኛው የሊድያ ቡድን ነው፤ ትንፋሹን በትንሽ ማራገቢያ ስቦ በማጣሪያ ይሰበስብና በውስጡ ሕይወት ያለውን ነገር ይፈልጋል። አለቃዋ በዚያ ሳምንት ስላልነበሩ ማራገቢያው በእርሷ ኃላፊነት ሥር ነበረ።

“አባባ፣ ምግብ በልተሃል? ውኃስ? ይሄን ሁሉንም ሰው እንጠይቃለን።”

“ተመስገን ልጄ፣ ምንም አልጎደለብኝም።”

“ጥሩ” ብላ አለፈች። እኔም አልዋሸሁም ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በአንዱ መድረክ ላይ ትዘፍን የነበረች፣ በሽታው ሥራዋን ያቋረጠባት ሴት ቆመች። ከፊቷ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሣጥን አለ፤ በውስጡም እንደ ወረቀት የሳሳ አረንጓዴ የሌዘር ብርሃን ተዘርግቷል። መብራቱ ጠፍቶ መዝፈን ስትጀምር፣ በግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ከአፏ የሚወጣው ጠብታ ሁሉ አንጥረኛ የጋለ ብረት ሲመታ እንደሚረግፈው ፍንጣሪ ሆኖ ታየ። እጅግ አስደነገጠኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በወዳጆቼ ፊት ላይ ምን ስረጭ ኖሬአለሁ ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ፊቴን ወደ ሣጥኑ አቅርቤ የበዓሉን ዜማ በዕዝል ስልት ጀመርሁ። ድምፄ ክፍሉን ሞላው፤ ከፍ አደረግሁ፤ ዝቅ አደረግሁ። ስጨርስ መብራቱ በራ። ሁሉም ስክሪኑን ያያሉ። ወዲያና ወዲህ ከምትዋልል አንዲት ሁለት ነጥብ በቀር ጨለማ ነው።

ዶክተር ካረን እንደ ገና አዘመረችኝ። አሁንም ጨለማ ነው። ዘፋኟን መልሳ አቆመቻት፤ ፍንጣሪው እንደ ዱሮው ረገፈ። እኔን አቆመችኝ፤ ጨለማ ሆነ።

“ጢሙ ነው” አለ ዶክተር ቪክራም። “ጢሙ እንደ ማጣሪያ ይዞ አስቀርቶታል።”

“ጢም ከአፍ በታች ነው፣ ቪክራም” አለች ዶክተር ካረን።

“በላይም አለው። ብትፈቅዱ ለኛ ቡድን ጥቂት ቈርጠን እንመርምረው።”

ሊድያ ይህን ስትተረጉምልኝ ሳቋን መያዝ አቃታት።

“ከጢሜ በፊት ራሴን ይውሰዱ በያቸው” አልሁ።

በመጨረሻ ጢሜን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከራሴ ላይ አሰሩልኝ፤ ጥርሱን የታመመ ባላገር መሰልሁ። ዘመርሁ። አሁንም ያው ነው።

“እንግዲያው የእናንተ ማራገቢያ ነው” አለች ዶክተር ካረን ወደ ሊድያ ዞራ። “ጠብታውን ብርሃኑ ሳይደርስበት እየሳበው ነው።”

“የሷንስ ለምን አልሳበም?” አለች ሊድያ ዘፋኟን እያመለከተች። ድምፅዋ ቀጠን አለ፤ ሲከፋት እንደዚያ ነው።

“ምናልባት ሰውየው ሲመጣ ነካክታችሁት ይሆናል።”

“ማንም አልነካም።”

“ብርሃኑንስ ማን አስተካከለው?” አለ ቪክራም፤ ካረንም ፊቷን አዞረችበት። ሦስቱም አንዱ የሌላውን መሣሪያ መፈተሽ ያዙ። እኔም ጢሜ እንደ ታሰረ በወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የቅኔ ቤት ተማሪዎች በአንድ ቃል ሲከራከሩ እንደማይ ሆኜ አየኋቸው። ነገር ግን መሣሪያው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ዶክተር ካረን ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች።

“ምናልባት አዘማመሩ ይሆን?” አለች። “አፉን ብዙ አይከፍትም። ትንፋሹን ረጅም ይይዛል። ነገ አንድ ጊዜ እንድገመውና ተመሳሳይ ከሆነ፣ ይህ ዓይነት ዜማ አነስተኛ ጠብታ ያወጣል ብለን ለቤተ ክርስቲያናቸው እንጽፋለን። የአንድ ሰው ውጤት ብቻ መሆኑንም እናስታውቃለን።”

ሊድያ ስትተረጉምልኝ ልቤ ዘለለ። የሰማሁት “እንጽፋለን” የሚለውን ነው። የቀረውን ማስጠንቀቂያ አስተዳዳሪያችንም እንደ እኔ ልብ እንደማይሉት አውቃለሁ።

ቅዳሴ ወጥቶ ለቀኝ ጌታ ዘውዴ ስነግረው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ።

“ምንም አልወጣም?”

“አንድ ሁለት ነጥብ።”

“እነዚያን ሁለቱን እኔ እችላቸዋለሁ” አለ። “መቋሚያዬን ዛሬውኑ እወለውላለሁ። አጠገብህ ነው የምቆመው፤ ሌላ ቦታ ብትሰጠኝ እቀየምሃለሁ።”

ቤት ገብቼ ከልጆቹ ጋር ምስርና ጎመን በላሁ፤ ቀኑ ሲያቃጥለኝ ስለዋለ ውኃ ደጋግሜ ጠጣሁ። ከዚያም ዜማውን ለመከለስ ወደ ክፍሌ ገባሁ። መስኮቴ ወደ ምዕራብ ነው፤ መጋረጃው መሐል ላይ ስለተሰነጠቀ የምትጠልቀው ፀሐይ በስንጥቁ ገብታ በጨለመው ክፍል ውስጥ እንደ ዘንግ ቀጥ ብላ ነበር። ከብርሃኑ ጀርባ ቆሜ ዘመርሁ። የመጀመሪያውን ቃል እንዳወጣሁ ከአፌ የወጣ ጠብታ በፀሐይዋ ዘንግ ውስጥ ወርቅ መስሎ ተበተነ። አቆምሁ። ዐይኔን አሸሁ። እንደ ገና ዘመርሁ፤ እንደ ገና ተበተነ። እንደዚያች ዘፋኝ ነው፤ ምናልባትም ይብሳል።

አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ምን እንደ ሆነ ወዲያው አልገባኝም። ጠዋት በተነሣሁ ጊዜ ግን ከንፈሬ ተጣብቆ፣ ምላሴ ከትናጋዬ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ሲላቀቅ ልብ አልሁ። በየጾሙ ሁሉ የነበረ ነገር ነው፤ ልብ ያልሁት ግን ያን ዕለት ነው። የልጄን የእጅ ባትሪ ወስጄ የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባሁ፤ በሩንም ዘግቼ ብርሃኑን በፊቴ አስቀድሜ ዘመርሁ። ምንም የለም። በጨለማው ውስጥ የማየው የምራቴ ቀሚሶች ናቸው።

እንግዲህ አወቅሁ። ዜማው አይደለም፣ ጢሙም አይደለም፤ አፌ ውኃ ስላላገኘ የሚረጨው ነገር አልነበረውም። በማኅሌቱ ሌሊት ግን ሁላችንም ማምሻውን በልተን፣ ጠጥተን ነው የምንቆመው።

አንባብያን ሆይ፣ በዚያን ማለዳ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ዝም ማለት ፈለግሁ። ዝምታዬም ጥሩ ልብስ ነበረው፤ ጾምህን ለሰው አትግለጥ የሚለውን ትእዛዝ ለብሶ መጣልኝ። ብናገር ትእዛዝ አፈርሳለሁ፤ ዝም ብል ትእዛዝ እጠብቃለሁ፤ ማኅሌቱንም እንቆማለን። ከዚህ የበለጠ የተመቸ ትእዛዝ በዕድሜዬ አልገጠመኝም። ይህን ያህል መመቸቱ ራሱ አስፈራኝ።

ሊድያ በመንገድ ላይ፣ “አባባ ዛሬ ዝም አልክ። ነርቨስ ነህ?” አለችኝ።

“አይደለሁም” አልኋት።

በቤተ ሙከራው እንደ ትናንቱ ቆሜ ዘመርሁ። እንደ ትናንቱ ጨለማ ሆነ። ዶክተር ካረን እጇን አጨበጨበች። “ዛሬ ከሰዓት በኋላ እጽፋለሁ” አለች። ቪክራምም የአፍ መሸፈኛ የታጨቀበት ከረጢት ሰጠኝ። “ባያስፈልጋችሁም ያዙት” አለ። ሊድያ ተረጎመችልኝና ከራሷ ጨመረች።

“ጋሽ ዘውዴ ደስ ይለዋል አይደል? አጠገብህ ሊቆም ነው። ማሚ ነገረችኝ።”

አጠገቤ የሚቆመው ሰው ደረጃ መሐል ላይ ቆሞ ግድግዳ ሲያደንቅ ታየኝ።

“ሊድያ፣ አንድ ነገር አስተርጉሚልኝ” አልሁ። “ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ አልጠጣሁም በያቸው። ትናንት ስመጣም አልጠጣሁም ነበር።”

አልተረጎመችም። ትክ ብላ አየችኝ።

“ምን ማለት ነው?”

“ጾም ነው፣ ልጄ።”

“ጾም ቪጋን ነው። ማሚ እንደሱ ነው የምታደርገው።”

“እናትሽ አቅሟ ያ ነው፤ በረከቱን ያድላት። እኔ እስከ ቅዳሴ መውጫ እህልም ውኃም አልቀምስም። አፌ ደርቆ ነው ስክሪናችሁ የጨለመው። ማታ ውኃ ጠጥቼ በመስኮት ብርሃን አየሁት፤ ብዙ ነው።”

“ጠየቅኩህ እኮ፣ አባባ።”

“ጠይቀሽኛል።”

“ውጭ መቶ አሥር ዲግሪ ፋረንሃይት ነው። ብትወድቅስ?” ዐይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ወደ ሁለቱ ዞራ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ዶክተር ካረን መነጽሯን አውልቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይቈጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የሳቀው ቪክራም ነው።

“እናቴ” አለ። “እናቴ እንዲሁ ናት። በየሳምንቱ አንድ ቀን ትጾማለች። ‘በላሽ?’ ብትሏት ‘ጠግቤአለሁ’ ትላለች። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ለሐኪሙ ‘ጠግቤአለሁ’ ብላዋለች። እንዴት ሳልጠይቀው ቀረሁ?” ከዚያም ወደ እኔ ጐንበስ አለ። “ስለ ጢምዎ ይቅርታ።”

ዶክተር ካረን ደግሞ ሊድያን፣ “ስለ ማራገቢያው ይቅርታ” አለቻት። ወዲያውም ተነሥታ የታሸገ ውኃ አመጣችልኝ። “አሁን ጠጥተው ይዘምሩ። ያው ሰው፣ ያው ዜማ፣ በእርጥብ አፍ። ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም።”

ውኃውን አየሁት። ጠርሙሱ ላይ ላብ መስሎ ጤዛ ወርዷል። “ቅዳሴ ሳይወጣ አልችልም” አልሁ።

ሊድያ ስትተረጉም አንገቷን አቀረቀረች፤ ያፈረችብኝ መሰለኝ። ዶክተር ካረን ግን፣ “ቅዳሴው መቼ ይወጣል?” ብላ ጠየቀች።

“ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ማታ ገደማ።”

“ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ የሌላ ቡድን ተራ ነው” አለች፤ ብላም ወጣች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። “ተራ ተለዋወጥን።”

“በምን?” አለ ቪክራም።

“በአንተ ማይክሮስኮፕ።”

“በእኔ?”

“ሳምንቱን ሙሉ ይጠቀሙበታል።”

ቪክራም ጣራውን ቀና ብሎ አየ። “የዚህ ሰውዬ ጾም ለእኔም ደረሰኝ” አለ።

ሄጄ አስቀደስሁ። ስመለስ ሦስቱም ቡድን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ቪክራም እስከ ቻይናታውን ሄዶ ሥጋም ወተትም ያልነካው ሩዝና አትክልት ገዝቷል። በየካርቶኑ እየከፈተ ያሳየኝ ነበር፤ ሻጩን ስለ መረቁ እንኳ ሦስት ጊዜ እንደ ጠየቀው ነገረኝ። ጸሎት አድርሼ በላሁ፤ ውኃውንም ጠጣሁ። ማንም ከእኔ በፊት አልቀመሰም፤ ይህን ሥርዓት ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

ከዚያ ፊቴን ወደ ሣጥኑ አቅርቤ ያንኑ ዜማ አሰማሁ። መብራት ሳይበራ የሰዎቹን ድምፅ ሰማሁ፤ በአንድነት ሳቁ፣ አጨበጨቡም። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ፍንጣሪ ሞልቶበታል። የትናንቱ ግምታቸው ፈርሷል፤ እነርሱ ግን ሰርግ ቤት የገቡ ይመስሉ ነበር። ዶክተር ካረን ሊድያን አቅፋታለች። በቅኔ ቤት ስኖር ቅኔው የተነቀፈበት ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም፤ እኔም ስቄ አላውቅም። በዚያን ቀን እውነት ከሐሳባቸው በልጣ ስትገኝ የሚደሰቱ ሰዎች አየሁ፤ ቀናሁባቸውም።

ቀጥሎ የከበደኝ ለቀኝ ጌታ መንገር ነበር። ሰምቶ ሲያበቃ፣ “በአንድ ኩባያ ውኃ ማኅሌቱን በሙሉ አሰጠምኸው” አለኝ።

“ባልጠጣው አንተን አሰጥም ነበር” አልሁት።

“እንዲያው ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?” አለኝ፤ መልስ ግን አልጠበቀም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ዶክተር ካረን ለአስተዳዳሪያችን ጻፈች፤ በውስጥ መቆም አይገባም፤ በውጭ፣ ተራርቃችሁ፣ ሁላችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞራችሁ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ ብትቆሙ ግን መልካም ነው የሚል ነበር። አስተዳዳሪያችን አንብበው፣ “በውጭ ያለን ቦታ የመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው፤ ማንስ ያደራጀዋል?” አሉ። ቀኝ ጌታ ዘውዴ ጕሮሮውን ጠረገ። “እኔ ሌላ ምን ስሠራ ነው የምውለው?” አለ።

በበዓሉ ማለዳ፣ ሰማዩ ሊነጋጋ ሲል፣ ደብተራ ሁሉ አንድ አንድ መኪና ማቆሚያ ደርሶት ቆመ። ቀኝ ጌታ በነጩ መስመር መሐል መሐል እያስገባ፣ “ትንሽ ወደ ኋላ፣ መሪጌታ፤ እንደዚያ፤ ቀጥ ይበሉ” እያለ አሰለፈን። በእኔና በራሱ መካከል ሁለት ባዶ ቦታ ተወ። ቪክራም የአፍ መሸፈኛ ያድል ነበር፤ ዶክተር ካረን ደግሞ አንድ ቁራጭ ስስ ወረቀት በጣቷ አንጠልጥላ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ታያለች። ሊድያ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ መሥመር ቆማለች። ከበሮው ሲመታ፣ ወደ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ያልተሰማው የጸናጽል ድምፅ በአስፋልቱ ላይ ሲሄድ፣ እንባዬ ከአፍ መሸፈኛዬ ውስጥ ገባ።

በዜማው መሐል አንድ ዘግይቶ የመጣ ምእመን መኪናውን ይዞ ገባና ግራ ገብቶት ቆመ። ቀኝ ጌታ ዘውዴ ዜማውን ሳያቋርጥ፣ ከመሥመሩም ሳይወጣ፣ መቋሚያውን አንሥቶ ወደ ግራ አመለከተው። ሰውዬውም ታጠፈ። አስተዳዳሪያችን ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መቅደሱ ዞሩ።

ከዚያ በዓል በኋላ ከመካከላችን ማንም አልታመመብንም። እኔም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ የእነዚያ ሦስት ቡድኖች ሰው ሆንሁ፤ ጾመኛ ስሆን ጾመኛ፣ የጠጣሁ ስሆን የጠጣሁ መሆኔን እየተናገርሁ ብዙ ጊዜ ዘመርሁላቸው። ቀድሞ ዕውቀቴን በባሕር ማዶ ትቼ የመጣሁ፣ በዚህ አገርም የምጠቅመው ነገር የሌለኝ ሰው እንደ ሆንሁ አስብ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም።

እናንተ ጾመኞች አባቶችና እናቶች፣ ይህን የጻፍሁት ለእናንተ ነው። ጾማችሁን ለከንቱ ውዳሴ አትግለጡት፤ ይህ የጸና ነው። ነገር ግን ስለ ጤናችሁ ወይም ስለ ባልንጀራችሁ ሕይወት የሚጠይቃችሁ ሰው ሊያሞግሳችሁ አይደለም የመጣው። ለእርሱ የምትሰጡት ድፍን መልስ ትሕትና አይባልም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በትሕትና ስም ጾሜን የደበቅሁ ይመስለኝ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን የደበቅሁት ጾሜን ሳይሆን አጠገቤ የሚቆመውን ሰው አደጋ እንደ ነበረ ገባኝ።

በቅርቡ በደብራችን ያሉ አንዲት እናት መጡና አማከሩኝ። የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ በጾም ግን እስከ ማታ አይበሉም፤ ይህንንም መድኃኒቱን ለምትከታተልላቸው ነርስ ነግረዋት አያውቁም። ከፊሊፒንስ የመጣች፣ ዝምተኛ ነርስ ናት። “ይንገሯት፤ ጾምዎን የምትነጥቅዎ አይደለችም፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ግን ታስተካክልልዎታለች” አልኋቸው። እያመነቱ ሄዱ። በሳምንቱ በደጀ ሰላሙ ሳገኛቸው ከሩቁ ይስቁ ነበር።

“ነገሯት?”

“ነገርኋት።”

“ምን አለችዎ?”

“ሰዓቱን አስተካከለችልኝ። ደግሞ ቀስ ብላ በሩን ዘግታ፣ ‘እኔም ዛሬ ጾመኛ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም’ አለችኝ።”